ፍሪጅዎ ሙቀቱን የት ያወጣል?

የዳላስና የፎርት ዎርዝ በጋ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፍሪጅም ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የአየሩ ሙቀት 100 ዲግሪ ፋራናይት (38 ሴልሺየስ ገደማ) የደረሰባቸው ወይም ያለፈባቸው ቀናት በዚህ አካባቢ 71 ነበሩ። ለእንቁጣጣሽ የተሠራው ዶሮ ወጥም ሆነ ከአገር ቤት የመጣው ቅቤ በዚህ ሙቀት ውስጥ ደኅንነቱ የሚጠበቀው ማሽኑ በትክክል ከሠራ ብቻ ነው።

ፍሪጅ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ያጓጉዛል። በቱቦዎቹ ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ በውስጠኛው ክፍል ሲተን ከምግቡ ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ የተነነውን ጋዝ ጨምቆ ይበልጥ ያሞቀዋል። የጋለው ጋዝ ከጀርባ ወይም ከሥር በተዘረጋው ኮንደንሰር ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር አስረክቦ ዳግም ፈሳሽ ይሆናል። የጽዳቱም ሆነ የማጓጓዙ ሥርዓት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ጽዳት። ኮንደንሰሩን አቧራ ሲሸፍነው ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ኮምፕሬሰሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ የመብራት ሂሳብም ይጨምራል። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅለው ኮንደንሰሩን በለስላሳ ብሩሽና በቫኪዩም ያጽዱ። ውስጡን በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 2 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይጥረጉ። የበሩን ጎማ ለመፈተሽ የገንዘብ ኖት በመካከሉ አስገብተው በሩን ይዝጉ፤ ኖቱ ያለ ችግር ተስቦ ከወጣ ጎማው አየር ያስገባል ማለት ነው። በፍሪዘሩ ላይ የተጋገረውን በረዶ በቢላ አይፈልፍሉ። ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ይወጣል፤ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አይሶቡቴን ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

ጋራዥ። ብዙ ቤተሰብ ሁለተኛ ፍሪጁን በጋራዥ ያስቀምጣል። በበጋ የጋራዡ አየር ስለሚግል ሙቀቱን መቀበል ይከብደዋል። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በዳላስ–ፎርት ዎርዝ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። ሙቀት መቆጣጠሪያው በታችኛው ክፍል ብቻ ያለበት ፍሪጅ በቀዝቃዛ ጋራዥ ውስጥ «በቂ ቀዝቅዣለሁ» ብሎ ኮምፕሬሰሩን ያቆማል፤ ስለዚህ ጋራዡ በረዶ ለመሥራት እስኪበቃ ካልቀዘቀዘ በፍሪዘሩ ያለው ሥጋ ሊቀልጥ ይችላል። ለጋራዥ የሚገዙ ከሆነ ለዚሁ የተሠራውን ዓይነት ይምረጡ።

ቤት ሲቀይሩ። ከአንድ ቀን በፊት ምግቡን አውጥተው ፍሪጁን ይንቀሉ፤ በረዶው ይቅለጥ፤ መደርደሪያዎቹን ያውጡ፤ በሩን ይሰሩ። በረዶ መሥሪያ ካለው የውኃ መስመሩን አስቀድመው ይዝጉ። ፍሪጁ እንደ ቆመ ይጓዝ። ሲጋደም የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈሳል፤ ዘይቱ ሳይመለስ ኤሌክትሪክ ከተለቀቀ ኮምፕሬሰሩ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ቆሞ ከተጓዘ ጥቂት ሰዓታት፣ ተጋድሞ ከተጓዘ ግን ቢያንስ በተጋደመበት ጊዜ ልክ፣ ከአንድ ቀን በላይ ከሆነም 24 ሰዓት አቁመው ይጠብቁ። የአምራቹ መመሪያ የተለየ ነገር ካዘዘ እርሱን ይከተሉ። በአዲሱ ቤት ከግድግዳው ጋር አያጣብቁት፤ ቴርሞሜትሩ 4 ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች እስኪያሳይም ምግብ አያስገቡ።

መብራት ሲጠፋ። በዚያው የ2021 ብርድ በቴክሳስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ኤሌክትሪክ ተቋርጦባቸው ነበር። በሩ ካልተከፈተ የፍሪጅ ምግብ ለ4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው ለ24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ከ4 ሴልሺየስ በላይ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ወጥ፣ ሥጋና ወተት ግን ሽታው ባይቀየርም ይጣል፤ የሚያሳምሙ ተሕዋስያን ሁልጊዜ በሽታ አይታወቁምና።