አናሲሞስ በቤታችን



ከቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ሁሉ አጭሩ ለፊልሞና የተጻፈው ነው። አንድ ምዕራፍ፣ ሃያ አምስት ቍጥር ብቻ ስለ ሆነ በንባብ ፈጥነን እናልፈዋለን፤ በኑሯችን ግን ገና አልደረስንበትም። ፊልሞና ባለ ቤትና ባለ አገልጋይ ክርስቲያን ነበረ፤ ምእመናንም በቤቱ ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር (ቍ. 2)። አገልጋዩ አናሲሞስ ከእርሱ ተለይቶ ሳለ ሐዋርያውን በእስራቱ አገኘው፤ በትምህርቱም የክርስቶስ ልጅ ሆነ። ሐዋርያውም ወደ ጌታው ሲመልሰው፣ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ለመነ (ቍ. 16)።

እናስተውል። ፊልሞና ሃይማኖት አልጐደለውም፤ እምነቱንና ፍቅሩን ሐዋርያው ራሱ አመስግኗል (ቍ. 5)። የቀረው ፈተና ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ወደ ውስጥ ነበረ።

ይህ ነገር ለእኛ ለወለጋ ሰዎች የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በኢሉባቦር የተወለደ ሂካ የሚባል ልጅ በሕፃንነቱ ከወገኖቹ ተነጥቆ ተሸጠ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ፤ በስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድም ተምሮ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ይህም የፊልሞና አገልጋይ ስም ነው። ኋላም፣ እርሷም ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሥራውም በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ መጥቶ በነቀምቴ ሲያስተምር ኖረ፤ በ1931ም ዐረፈ። ማኅበሩ ከእኛ የተለየ ቢሆንም፣ ሰዎች እንደ ዕቃ የሸጡት ልጅ ለሺሕ ቤቶች የእግዚአብሔርን ቃል እንዳደረሰ መካድ አይቻልም። ሂካ የሚለው ስም በኦሮምኛ ከመፍታት የመጣ ነው፤ የታሰረውንም መፍታት፣ የቃልንም ፍች መፍታት ነው።

ባርነት በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ተሽሯል። እንግዲህ ዛሬ ባሪያ የለንምና መልእክቱ አይነካንም እንበልን? ይህን የምንጽፈው እኛ እንዲህ ስንል ኖረናል። አንድ ቀን ግን፣ በዓል ዋዜማ፣ ከገጠር መጥታ በቤታችን የምትሠራው ልጅ፣ ነገ ልቍረብ ወይ ብላ ጠየቀችን። የንስሐ አባት እንዳላትና እንደሌላት እንኳ ጠይቀናት አናውቅም ነበር። እኛ ነጠላችንን ለብሰን ቅዳሴ ስንሄድ፣ እርሷ ቤት ስትጠብቅ፣ በእርሷ ፈንታ የምንጸልይላት መስሎን ነበር። ፊልሞና እኛ መሆናችንን ያን ጊዜ አወቅን።

ስለዚህ ቃሉን በሦስት ነገር እንመርምርበት።

አንደኛ፣ ስለ ነፍሷ ነው። የቤት ሠራተኛ የቅዳሴ ሰዓት ይኑራት፤ የቤቱ እመቤት በተራዋ ቤት ብትጠብቅ ጸሎቷ አይጐድልም። ካህናት አባቶቻችንም ቤት ለመባረክና ጠበል ለመርጨት ሲገቡ፣ በማድ ቤት ያለችውን ልጅ ሳይጠይቁ አይውጡ። በአማርኛ የማትሰማ ከሆነችም በኦሮምኛ ያስተምሯት።

ሁለተኛ፣ ስለ ደመወዟ ነው። የድኻው የቀን ዋጋ ፀሓይ ሳይጠልቅ እንዲሰጠው ሕገ ኦሪት ያዝዛል (ዘዳ. 24፥15)፤ የተከለከለ ዋጋም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚጮኽ ቅዱስ ያዕቆብ ያስጠነቅቃል (5፥4)። ይህ ትእዛዝ ለቤት ሠራተኛም፣ ቡና ለሚለቅም የቀን ሠራተኛም አንድ ነው። የሰው ዋጋ በእጁ ይዞ ለቤተ ክርስቲያን ስእለት የሚያገባ ሰው፣ የሌላውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር እየሰጠ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ክብሯ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ወገቡን ታጥቆ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ እኛም እግራችንን እንዘረጋለን (ዮሐ. 13)። ቤታችን ስንመለስ ግን ውኃ ይዛ የምታስታጥበንን ልጅ ስሟን ሳንጠራ «አንቺ» እንላታለን። በጌታችን ምሳሌ የታጠበ እግር ወደ ቤቱ ሲገባ አካሄዱን ይለውጥ ዘንድ ይገባል።

አንዳንዱ፣ «ሠራተኛ ይሰርቃል፤ ባመኑት ጊዜ ጥሎ ይሄዳል» ይል ይሆናል። ሐዋርያው ይህን አልዘነጋም፤ በድሎህ ወይም ዕዳ ኖሮበት እንደ ሆነ በእኔ ላይ ቍጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጽፏል (ቍ. 18-19)። ክርስቶስም የእኛን ዕዳ በራሱ ላይ ቈጥሮ ከፍሏል። እንዲህ የተከፈለለት ሰው የአንዲት ብርጭቆ መሰበር ከደመወዝ ሊቈርጥ እንዴት ይደፍራል?

ዐዋጅ የእጅን ሰንሰለት ሊፈታ ይችላል፤ በማድ ቤትና በሳሎን መካከል ያለውን ግድግዳ ግን የቤቱ ባለቤት ብቻ ያፈርሰዋል። ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት እንጥራት፤ ስለ ቤተ ሰቧና ስለ ንስሐዋ እንጠይቃት፤ አብራንም ትቁም።

አናሲሞስን ያከበረ አምላክ ቤታችንን የወንድሞችና የእኅቶች ቤት ያድርግልን። አሜን።