አረፋ ውሃ ያጸዳል እንዴ? ለኮራል አኳሪየም የሚሆን የአረፋ ገፋፊ አመራረጥ

የሳይንስ ዓምዳችን ዛሬ ከጥያቄ ሳጥኑ የወጣ አንድ ጥያቄ ይመልሳል። «በፊልም ባየሁት የባሕር ዓሣ አኳሪየም ውስጥ አረፋ የሚሞላበት ቱቦ አለ። ምን ይሠራል? ሰው ለቤቱ ሲገዛስ በምን ይመርጣል?» ይላል። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡን።

መጀመሪያ ስለ ኮራል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በጣም ትንንሽ እንስሳት ተጠጋግተው እየኖሩ ከሥራቸው ከኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራሉ። አንዳንዱ ዓይነት በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። ለእኛ የሚቀርበው ኮራል ቀይ ባሕር ውስጥ ነው፤ ለምሳሌ ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ይገኛል። እዚያ ውሃው ሰፊ ነው፣ ማዕበልም አለ፤ ቆሻሻ አንድ ቦታ አይጠራቀምም። ቤት ውስጥ ያለ አኳሪየም ግን 200 ሊትር ቢይዝ ነው፤ አንድ በርሜል ማለት ነው። የዓሣው ዓይነ ምድርና የተረፈው ምግብ እዚያው ይበሰብሳል።

ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ ዓሣ የሚገድል መርዝ ነው። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት እንደ አሞኒያ አይከፋም፤ ሲበዛ ግን ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። አልጌው በኮራሉ ላይ እየወጣ ያለብሰዋል፣ ብርሃንም ይከለክለዋል። ዓመታት የፈጀ ኮራል በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቆሻሻውን ከመበስበሱ በፊት ማውጣት ይሻላል። ይህን የሚሠራው መሣሪያ ፕሮቲን ስኪመር ይባላል። እኛ ግን «አረፋ ገፋፊ» ብንለው ይቀለናል።

ለምን ገፋፊ አልነው? እናቶቻችን ሥጋ ሲቀቅሉ ከላይ የሚወጣውን ግራጫ አረፋ በጭልፋ ገፈው ሲጥሉ አይታችኋል አይደል? ያ አረፋ በብዛት ከሥጋው የወጣ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን አንዱ ወገኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ወገኑ ውሃ ይሸሻል፤ እንደ ሳሙና ማለት ነው። ስለዚህ አየርና ውሃ የሚገናኙበት ቦታ ላይ መለጠፍ ይወዳል። የአየር አረፋ ደግሞ ዙሪያውን በሙሉ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። መሣሪያው ከሥር ብዙ አረፋ ይለቃል፤ አረፋው ፕሮቲኑን ተሸክሞ በቱቦው አንገት ሽቅብ ይወጣና ከላይ ባለው ኩባያ ውስጥ ይፈሳል። ኩባያው ውስጥ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ጥቁር ሻይ ይመስላል፤ ሽታው ግን ሻይ አይደለም!

አሁን ትንሽ ሒሳብ። 10 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው አንድ አረፋ አለን እንበል። ያንኑ አየር 1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ አረፋዎች ብንከፋፍለው 1,000 አረፋ ይወጣዋል። የእያንዳንዱ የገጽታ ስፋት የትልቁ አንድ መቶኛ ነው። ሲደመር ግን የትልቁን 10 እጥፍ ይሆናል። አየሩ አልጨመረም፤ ቆሻሻው የሚለጠፍበት ቦታ ግን 10 ጊዜ ሰፋ። እንግዲህ ጥሩ አረፋ ገፋፊ ማለት ደቃቅ አረፋ የሚሠራ ነው።

ደቃቅ አረፋ ደግሞ ጨው ይወዳል። በሁለት የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞክሩት። ሁለቱንም ከሞላ ጎደል ውሃ ሙሏቸው፤ በአንዱ ውስጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ይቀራረባል። ሁለቱንም እኩል ናጧቸውና ወዲያው ተመልከቱ። በጨው ውሃው ውስጥ አረፋዎቹ ደቃቅ ሆነው ትንሽ ይቆያሉ፤ በተራው ውሃ ግን ቶሎ እየተጋጠሙ ትልልቅ ይሆኑና ይወጣሉ። ስለዚህ ሆቴልና ሱቅ ውስጥ ለሚታየው የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ይህን መሣሪያ መግዛት ብር መጣል ነው።

ወደ ምርጫው እንግባ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው። «እስከ 400 ሊትር» ይላል፤ ገዢውም የእኔ 200 ሊትር ነው፣ ይተርፈኛል ይላል። ግን እኮ ውሃውን የሚያቆሽሸው ሊትሩ አይደለም፣ ዓሣውና ምግቡ ነው! 200 ሊትር ውስጥ ሦስት ትንንሽ ዓሣ ያለውና በቀን ሦስት ጊዜ የሚበሉ አሥር ዓሣ ያለው ሰው አንድ ዓይነት መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። አንዳንዱ ካርቶን ለጥቂት ዓሣና ለብዙ ዓሣ የተለያየ ቁጥር ይጽፋል፤ እንደኔ ትንሹን ቁጥር ማመን ይሻላል። «እንግዲያው በጣም ትልቁን ልግዛ» ማለትም አያዋጣም። በሰፊ ቱቦ ውስጥ ፕሮቲን ካነሰ አረፋው ቶሎ ይፈርሳል፤ አንገቱን ሳይወጣ ይቀራል። ከሚያስፈልገው ትንሽ ከፍ ያለ መጠን ይበቃል።

አረፋው የሚሠራበትን መንገድም መጠየቅ ነው። ድሮ አየር በተቦረቦረ እንጨት ውስጥ ይነፋ ነበር፤ እንጨቱ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። አሁን የሚበዛው ፓምፑ ውስጥ በመርፌ የተሞላች ተሽከርካሪ ያለችበት ነው፤ መርፌዎቹ አየሩን ይከትፉታል። ዋጋው ወደድ ይላል፤ እኔ ግን ይህንን እመርጣለሁ።

የሚቀመጥበት ቦታም ይለያያል። አንዳንዱ አኳሪየሙ ጀርባ ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱ ከሥር ባለ ሁለተኛ ገንዳ ውስጥ ይቆማል። በገንዳ ለሚቆመው የውሃው ከፍታ ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት፤ ከፍ ካለ ኩባያው ውሃ ብቻ ይሞላል። መብራት የሚጠፋበት አገር ያለ ሰው ይህን ልብ ይበል። መብራት ሲሄድ ከላይ ያለው ውሃ ወደ ታችኛው ገንዳ ይወርዳል፤ ሲመጣ መሣሪያው ሳይታሰብ ሞልቶ ሊፈስ ይችላል። ስለዚህ ታችኛው ገንዳ ውስጥ ትርፍ ቦታ መተው ያስፈልጋል።

መሣሪያው ሁሉን አያወጣም። አንዴ የተፈጠረ ናይትሬትን መግፈፍ አይችልም፤ ውሃውን በየጊዜው በከፊል መቀየር አይቀርም። አዲስ የተገዛውን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን «አይሠራም» ብሎ መመለስ አይገባም፤ በደንብ አረፋ ለማውጣት ቀናት ይፈልጋል፤ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ።

ከመግዛታችሁ በፊት ኩባያው በቀላሉ የሚነቀል መሆኑን በእጃችሁ ሞክሩ። አንገቱ ውስጥ ቅባት የመሰለ ነገር ከተጋገረ አረፋው ሽቅብ መውጣቱን ይተዋል፤ ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ ይታጠባል። በብሩሽና በንጹሕ ውሃ ብቻ! ሳሙና ከነካው አረፋው ያለ ልክ ይገነፍላል፤ ጠዋት ስትነሡ ወለሉን በመወልወያ ትቀበሉታላችሁ።