ከሰማይ ስለሚወርድ ድንጋይና ስለ መከላከያው

የደሴ ከተማ ከሰማይ የሚመጣ አደጋ ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውባት ቤት ተቃጥሏል፥ ሰው ሞቷል። ያን አደጋ ያመጣው የሰው ክፋት ነበረ። ነገር ግን የማንም ጠላትነት ሳይኖርበት ከሰማይ የሚወርድ ሌላ አደጋ አለ፤ ይኸውም አስትሮይድ የሚባለው፥ በፀሐይ ዙሪያ የሚዞር ድንጋይ ነው።

በጠራ ሌሊት በደሴ ከጦሳ ተራራ፥ በኮምቦልቻም ከቦርከና ወንዝ ዳር ሆኖ ሰማይን የሚመለከት ሰው ተወርዋሪ ኮከብ ያያል። ይህ በእውነት ኮከብ አይደለም፤ ትንሽ ጠጠር በታላቅ ፍጥነት ወደ አየር ሲገባ ግሎ የሚሰጠው ብርሃን ነው። ትልቁ ድንጋይ ግን የሚመጣው ከስንት ዘመን አንድ ጊዜ ነው፤ በመጣም ጊዜ ብዙ ያጠፋል። ሰኔ 23 ቀን 1900 ዓ.ም. በሳይቤሪያ፥ ቱንጉስካ በሚባል ወንዝ አጠገብ፥ አንዱ በአየር ላይ ፈንድቶ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ደን ጥሏል።

የመከላከያው መጀመሪያ አስቀድሞ ማየት ነው። መስከረም 26 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ በአሪዞና ሰማይን የሚጠብቁ ሊቃውንት 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋይ ወደ ምድር ሲገሠግሥ አዩ። የሚወድቅበትም ስፍራና ሰዓት ተሰላ። ድንጋዩም 20 ሰዓት ያህል ቆይቶ፥ በማግስቱ ማለዳ፥ እንደ ተባለው በኢትዮጵያ ጎረቤት በሱዳን ምድረ በዳ ላይ ፈነዳ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በረሀውን በእግራቸው አስሰው ስብርባሪውን ለቀሙ። አስትሮይድ ከመውደቁ በፊት ሲታወቅ ያ የመጀመሪያው ነበረ። በኢትዮጵያም በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል።

ሁለተኛው መከላከያ ድንጋዩን ከመንገዱ ማሳት ነው። ለመስከረም 17 ቀን 2015 ዓ.ም. አጥቢያ፥ የመስቀል በዓል ሊነጋ ሲል፥ ዳርት የተባለች የአሜሪካ መንኮራኩር 160 ሜትር ያህል ስፋት ካለው ዲሞርፎስ ከሚባል ድንጋይ ጋር ሆን ተብሎ ተጋጨች። ዲሞርፎስ ታላቁን ጓደኛውን ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበት ነበረ፤ ከግጭቱ በኋላ ግን ጊዜው በ32 ደቂቃ ያህል አጠረ። ጥቂት መግፋት፥ ዓመታት አስቀድሞ ከተደረገ፥ ድንጋዩን ከምድር ያርቀዋል። ያልታየውን ግን ማንም ሊገፋው አይችልም።

ሦስተኛው የመምህር ድርሻ ነው። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ በቼልያቢንስክ ከተማ አጠገብ 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳ። ብዙዎች ብርሃኑን አይተው ወደ መስኮት ቀረቡ። 1,500 ያህል ሰዎች ቆሰሉ፤ የሚበዙትን ያቆሰላቸው የመስኮት መስታወት ነው። አንዲት መምህርት ግን 44 ተማሪዎቿን ከጠረጴዛ ሥር እንዲገቡ አዘዘች፤ እርሷ በመስታወት ተቆረጠች፥ ልጆቹ ግን ዳኑ።

ምክንያቱን የወሎ ገበሬ ከክረምት ያውቀዋል፤ መብረቁ ብልጭ ካለ በኋላ ነጐድጓዱ ዘግይቶ ይሰማል። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋልና፥ ከ30 ኪሎ ሜትር የሚመጣው 90 ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ይህ ጊዜ አንድ ክፍል ልጆችን ለማዳን ይበቃል። ስለዚህ ልጆች ይህን ይማሩ፦ እንግዳ ብርሃን ባዩ ጊዜ ከመስኮት መራቅ፥ ከጠረጴዛ ሥር መግባት፥ ድምፁ እስኪያልፍ መቆየት።

ለሚያዝያ 6 ቀን 2021 ዓ.ም. አጥቢያ አፖፊስ የተባለ፥ 340 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድንጋይ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ምድርን እንደማይነካ ሊቃውንት አስልተው አረጋግጠዋል። ሰማዩ ከጠራ በአፍሪካ ያለ ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ያን ጊዜ ወሬኛ የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ብሎ ሕዝብ ቢያስደነግጥ፥ መምህር ቁጥሩን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስረዳ፤ ሽማግሌም ልጆቹን ወደ ሜዳ አውጥቶ ያሳይ።