የተሸሸገው ሽንቁር፦ የኑክሌር ጣቢያ ፍተሻና የልኬት ሐቀኝነት

በጉርድ ሾላ አንድ ጎሚስታ ጎማውን ነፍቶ ውኃ ውስጥ ሲነክረው፣ አረፋው ሽንቁሩን ያሳየዋል። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፍተሻም በመሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ማብላያውን የሚከበው የብረት ከለላ በአየር ይሞላና ተዘግቶ ለሰዓታት ይጠበቃል። ይዘቱና ሙቀቱ ካልተለወጡ፣ ፍጹም ግፊቱ ከአየሩ መጠን ጋር ቀጥተኛ ተዛምዶ አለው፤ ግፊቱ 1 በመቶ ከቀነሰ ከአየሩም 1 በመቶ አምልጧል ማለት ነው።

በጃፓን የፉኩሺማ ዳይቺ 1ኛ ማብላያ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ሲፈተሽ ግን፣ ልኬቱ በመካሄድ ላይ ሳለ በስውር አየር ተጨመረበት። መሣሪያው ግፊቱን በትክክል አነበበ፤ ሐሰተኛው ከንባቡ የተወሰደው ድምዳሜ ነበር። ነገሩ በ2002 ተጋለጠ። በዚያው ዓመት ባለቤቱ ቴፕኮ በማብላያዎቹ ውስጥ የታዩ ስንጥቆችን ከመዝገብ መሰወሩ ታወቀ፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሥራቸውን ለቀቁ፤ በኤፕሪል 2003 አሥራ ሰባቱም ማብላያዎች ቆሙ።

የ2011 አደጋ መነሻ ርዕደ መሬትና ሱናሚ እንጂ ይህ ማጭበርበር አይደለም። ሆኖም መዝገቡ ካልታመነ የጣቢያውን ትክክለኛ ሁኔታ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

አገራችንም በ2025 ከሩስያ ጋር ለኑክሌር ማመንጫ ግንባታ የድርጊት መርሐ ግብር ስለተፈራረመች፣ ትምህርቱ ለእኛም ነው። ፔንዱለሙን ሳያወዛውዝ 9.8 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ነገ በፍተሻ መዝገብ ላይ የሚፈርም ባለሙያ ይሆናል። 9.3 ያገኘ 9.3 ይጻፍ፤ ከዚያም ስሕተቱን ይፈልግ።