የቤት ወፍና መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ

ፓሮት በሽቦ ቤት ታረባላችሁን? በ1929 እና 1930 (እ.ኤ.አ.) ከደቡብ አሜሪካ የተጫኑ ፓሮቶች በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ቤተሰቦችን በሳንባ ምች አስይዘዋል፤ የሞቱም ነበሩ። ምክንያቱ «ክላሚዲያ ሲታሲ» የተባለ ባክቴሪያ ነው። የደረቀ ኩስ ሲጠረግ ከአቧራው ጋር ይተነፈሳል። ስለዚህ ኩሱን በውሃ ሳታርሱ አትጥረጉ።

ወፏ ስትታመም የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው ሕክምና ብዙውን ጊዜ 45 ቀን ይፈጃል። ቴትራሳይክሊን በግምት በውሃዋ በጥብጦ በሦስተኛው ቀን መተው ግን በአንጀቷ ያሉትን ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ መድኃኒቱን ያለማምዳል። እነዚያው ባልታጠበ እጅ ወደ ልጃችሁ አፍ ይገባሉ!

በተለይ በሰው ቤት የወፍ ቤት የምታጸዱ እህቶች፣ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዛችሁ ወፍ መኖሩን ለሐኪሙ ንገሩት። ካልሰማ አሞክሳሲሊን ሊያዝ ይችላል፤ ለዚህ በሽታ የሚመረጠው ግን ዶክሲሳይክሊን ነው።