የደብረ ታቦር ደጋ አፈር ኮምጣጣነትና የአፕል ዛፍ እድገት

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች አፈሩን የሚያኮመጥጠው በዋናነት የክረምቱ ዝናብ ነው። ዝናቡ ካልሲየምንና ማግኒዥየምን አጥቦ ይወስዳል፤ ቦታቸውን ሃይድሮጅንና አልሙኒየም ይይዛሉ። ገለባው ከማሳ ሲነሳ፣ እበቱ ለማገዶ ሲውልና ዩሪያ ለዓመታት ሲጨመር ኮምጣጣነቱ ይባባሳል።

በዛፉ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

የኮምጣጣነት መለኪያው ፒኤች ይባላል። ቁጥሩ በ1 ሲቀንስ አሲዳማነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። ለአፕል የሚስማማው ከ6 እስከ 6.5 ነው። ከ5.5 በታች ሲወርድ አልሙኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ቀጫጭን ቅርንጫፍ አያወጣም። ፎስፈረስም በብረትና በአልሙኒየም ስለሚታሰር ማዳበሪያ ቢጨመርም ለዛፉ የሚደርሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ዛፍ ይቀጭጫል፤ በበጋም እርጥበት ካለበት ጥልቀት ስለማይደርስ ቶሎ ይጠወልጋል።

ምርመራ

ቅጠል የሚገረጣው በኮምጣጣነት ብቻ ሳይሆን በናይትሮጅን እጥረት ወይም ውሃ በመቋጠሩም ስለሆነ አፈሩን ማስመርመር ይገባል። ናሙና ከማሳው ከ10 እስከ 15 ቦታዎች፣ የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትርና ከሥሩ ያለው 20 ሴንቲ ሜትር ለየብቻ ይወሰዳል። ከፍግ ክምርና ከአመድ መድፊያ አይወሰድም።

ኖራ አጨማመር

ኮምጣጣነቱን የሚቀንሰው ኖራ ወደ ታች የሚሰርገው በጣም በዝግታ ነው። ዛፉ ከተተከለ በኋላ ላይ ላዩን ቢበተን ጥልቁን ሥር ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከተከላው 1 ወይም 2 ወር አስቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። ላቦራቶሪው ለ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በሄክታር 20 ኩንታል ቢያዝ፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም ማለት ነው። ጎንና ጎኑ 60 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጉድጓድ 72 ግራም ይደርሳል፤ ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የታችኛው አፈር እኩል ከኮመጠጠ 216 ግራም ይሆናል።

ኖራ ከዩሪያም ሆነ ከትኩስ ፍግ ጋር በአንድ ጊዜ አይጨመርም፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ግን አልሙኒየሙን ስለሚይዝ የኖራውን ሥራ ያግዛል። ከታዘዘው በላይ ኖራ መጨመር ብረትና ዚንክን ያሳጣል፤ ምልክቱም የለጋ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ መሆኑ ነው።