የሚያፈስ የቆርቆሮ ክዳን፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ክረምት በገባ ቁጥር በቦሌ፣ በገርጂና በኮተቤ ቀደም ባሉት ዓመታት በተሠሩ ብዙ ቤቶች ውስጥ ከኮርኒስ ሥር ሳፋ መደቀን የተለመደ ነው። ቤተሰቡም ክዳኑን እናስጠግነው ወይስ እንቀይረው እያለ ይመክራል። ብዙ ጊዜ ውሳኔው የሚሰጠው የሚያፈስሱትን ቦታዎች በመቁጠር ነው። ይህ ግን አሳሳች መለኪያ ነው። አሥር ቦታ የሚያፈስ ክዳን በጥቂት ሚስማሮች ሊድን ሲችል፣ አንድ ቦታ ብቻ የሚያፈስ ክዳን ዕድሜውን የጨረሰ ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት በቆርቆሮው ላይ ምን ያህል ዚንክ ቀርቷል የሚለው ነው።

ለክዳን የምንጠቀምበት የተለመደው ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ስስ ብረት ነው። ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ እየነከሩ የመለበጡን ዘዴ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 በፓተንት አስመዝግቦታል። ዚንክ ብረቱን ከውኃና ከአየር ከመጋረዱም በላይ ኤሌክትሮኖቹን ከብረት ይልቅ በቀላሉ ስለሚለቅ፣ ጭረት ባለበት ቦታ እርሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያድናል። ስለሆነም የሚስማር ቀዳዳ ብቻውን ቆርቆሮን አይገድልም። ቀይ ዝገት በሰፊው ሲታይ ግን መሥዋዕቱ አልቋል ማለት ነው።

ይህን በስሌት ማየት ይቻላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በሁለቱም ገጽ በድምሩ 275 ግራም ዚንክ ቢኖር፣ የዚንክ እፍግታ በሴንቲ ሜትር ኩብ 7.14 ግራም ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ያለው ውፍረት 19 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይሆናል። ዚንኩ 100 ግራም ብቻ ከሆነ ግን ውፍረቱ 7 ማይክሮ ሜትር ነው። በዓመት 0.7 ማይክሮ ሜትር ይበላል ብለን ብናስብ የመጀመሪያው 27 ዓመት፣ ሁለተኛው 10 ዓመት ይቆያል። ሁለቱ ቆርቆሮዎች በገበያ ላይ እኩል ሊያብረቀርቁ ይችላሉ።

የአበላሉ ፍጥነት በአካባቢው ሁኔታ ይወሰናል። ዚንክ እርጥብና ደረቅ እየተፈራረቀበት ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ መከላከያ ሽፋን ያበጃል። የግራቪሊያና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከአሸንዳው አጠገብ ተከማችቶ ቆርቆሮውን ሁልጊዜ እርጥብ ካደረገው ግን ይህ ሽፋን አይረጋም። በቦሌ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ ከጎን በሚገነባ ፎቅ የሚረጭ የሲሚንቶ ውኃ። ዚንክን አሲድ ብቻ ሳይሆን ጠንካራ ቤዝም ያሟሟዋል፤ የእርጥብ ሲሚንቶ ፒኤች ደግሞ ከ12 በላይ ነው። ከመዳብ ቱቦ እየተንጠባጠበ በክዳኑ ላይ የሚፈስ ውኃም ዚንኩን በፍጥነት ያስበላዋል።

ዚንኩ ደህና ሆኖ የሚያፈስ ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከሚስማሩ ነው። ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ 12 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። 2 ሜትር ቆርቆሮ በሌሊትና በቀን መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ማታ መልሶ ይኮማተራል። በዚህ ላይ እርጥብ ሆኖ የተመታ የባሕር ዛፍ እንጨት ሲደርቅ ስለሚሸሽ ሚስማሩ ይላላል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። መድኃኒቱ ባለጎማ ሚስማር ነው። ሁለት ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ቦታ፣ ክዳኑ ተዳፋትነቱ ካነሰ፣ ውኃው በጠባቡ ክፍተት ሽቅብ ይሳባል፤ ይህ የሚስተካከለው መደራረቡን በመጨመር ነው።

ቀዳዳውን ለማግኘት ከሚንጠባጠብበት ቦታ በላይ ቀጥታ መፈለግ አይበቃም፤ ውኃው በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ራቅ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ወለል ላይ የሚታዩት ክብ የብርሃን ነጠብጣቦችም ሊያስደነግጡ አይገባም። የፀሐይ ምስሎች እንጂ የቀዳዳው ቅርጽ አይደሉም፤ እንደ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ባለ ግርዶሽ ጊዜ እንደ ማጭድ የሚሆኑትም ለዚህ ነው። ከ3 ሜትር ከፍታ የሚወርድ የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብርሃን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ሊሰፋ ይችላል። በኅዳር ጠራራ ሌሊት ዝናብ ሳይኖር የሚንጠባጠበው ደግሞ በቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር የተጠራቀመ ጤዛ ነው፤ ለእርሱ የአየር መውጫ እንጂ ሬንጅ አይጠቅመውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ጥገናው የአዲሱን ክዳን አንድ አሥረኛ ቢጠይቅና አዲሱ 20 ዓመት ቢያገለግል፣ ጥገናው የሚያዋጣው ከ2 ክረምት በላይ ካቆየ ነው። ዝገቱ በየቆርቆሮው መሐል ከተሠራጨ ይህን ያህል የሚያቆይ አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ኮርኒስ ላይ ውኃ የሚወርድ ከሆነ ግን ስሌቱ ይቆይና አስቀድሞ መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። በአሮጌው ላይ አዲስ ቆርቆሮ መደረብም ርካሽ ቢመስልም በመካከሉ የሚታሰረው እርጥበት አዲሱን ከሥሩ ይበላዋል። ለመቀየር የወሰነ ሰው አሮጌውን ያንሣ፣ የበሰበሰውን እንጨት ይለውጥ፤ ሲገዛም የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ፣ ማለትም 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ እንደሚቀጥን አውቆ፣ የዚንኩን ግራም ጨምሮ ይጠይቅ።